ማህተም ካለው ይለፍ

ጉዳዩ «ነገ ተመለስ» የተባለበት ሰው ሁሉ ከቢሮ ሲወጣ «ይሄን አሰራር የፈጠረው ማን ይሆን?» ይላል። ባዮሎጂ መልስ አላት፤ አሰራሩ የተፈጠረው ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። አሁንም በህዋሳችን ውስጥ ቀን ከሌት ይሰራል። ምሳ ሰዓት የለውም፤ ከኛው ቢሮ የሚለየው በዚህ ብቻ ይመስለኛል።

መዝገብ ቤቱ ኒውክለስ ይባላል። ዋናው ሰነድ፣ ዲኤንኤ፣ ከዚያ ክፍል ንቅንቅ አይልም። ወደ ውጭ የሚላከው ግልባጩ ነው፤ መልእክተኛ አርኤንኤ የሚሉት ደብዳቤ። ደብዳቤው መስኮት ላይ ወደተቀመጠችው ጸሐፊ፣ ወደ ራይቦዞም፣ ይሄዳል፤ እሷ አንብባ ፕሮቲን ትሰራለች። ሲወራ ቀላል ነው። ግን ቢሮ ነው።

ደብዳቤው ገና 20፣ 30 ፊደል እንደተጻፈ አናቱ ላይ ማህተም ይመታበታል። አዎ፣ ሳያልቅ! ያላለቀ ወረቀት ላይ ማህተም መምታት እኛ ዘንድ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል፤ እዚያ ደንቡ ነው። ከዚያ ቆረጣው ይመጣል። ዲስትሮፊን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን እንውሰድ። ጂኑ ከ2 ሚሊዮን ፊደል በላይ ነው፤ ገልብጦ ለመጨረስ 16 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተቆርጦ ተቆርጦ ለጸሐፊዋ የሚደርሰው ግን 14,000 ፊደል አካባቢ ነው። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ቅርጫት ገባ ማለት ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። የመክፈቻ ንግግሩ፣ «መድረኩን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ»፣ «ከኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት»፣ የሻይ እረፍቱ፣ ይሄ ሁሉ ቢቆረጥ የሚተርፈው «ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል» የምትለዋ ነች። ህዋስ ይህችኑ ብቻ ነው የሚልከው። እኛ ዘጠና ዘጠኙንም አስጠርዘን እናስቀምጣለን።

ግርጌው ላይ ደግሞ ኤ የሚባለው ፊደል ብቻውን 200 ጊዜ ያህል ይደረደራል። ምንም አይልም። የኛን ደብዳቤ መጨረሻ ላየ ሰው ግን እንግዳ አይሆንበትም፤ «ግልባጭ» ተብሎ ለዚህ ክፍል፣ ለዚያ ክፍል፣ ለማህደር እየተባለ የሚወርደው ነው። ማንም አያነበውም፤ ግልባጩ የረዘመ ደብዳቤ ግን ይፈራል። ህዋስም ጅራቱ ያለውን ደብዳቤ ያከብራል። ጅራቱ እያደር ያጥራል፤ ሲያልቅ ደብዳቤው ተቀዶ ይጣላል።

ጸሐፊዋ ዘንድ ሲደርስ የሚጠየቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማህተም አለው? ማን ጻፈው፣ ምን ይላል፣ ማንን ይጎዳል የሚል የለም። ማህተም ካለው ይለፍ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችንን ኢንፍሉዌንዛ ጣላቸው። ዕድሜያቸውን መዝገብ ቤት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጠይቃቸው ብሄድ ጋቢ ተከናንበው ዝንጅብል በሎሚ ይጠጣሉ። «አንተ ይሄን ነገር ታነባለህ አሉ። አሁን ይሄ ውስጤ ገብቶ ምን ይሰራል?» አሉኝ።

«ማህተም ይሰርቃል፣ ጋሼ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ።

የቫይረሱ ፕሮቲኖች የሚሰሩት ሶስት ሆነው ነው አልኳቸው። መዝገብ ቤቱ ድረስ ይዘልቃሉ። ፒቢ2 የሚባለው የህዋሱን ደብዳቤ ማህተሙ ላይ ጨብጦ ይይዛል። ፒኤ ከማህተሙ ከ10 እስከ 13 ፊደል ዝቅ ብሎ ቀጭ ያደርገዋል። ፒቢ1 የተቆረጠውን አናት ተቀብሎ የቫይረሱን ጽሑፍ ከስሩ ይቀጥልበታል። ጸሐፊዋ ብታየው ማህተሙ እውነተኛ ነው። አናቱ የተወሰደበት ደብዳቤ ግን አለቀለት።

«ከ10 እስከ 13 ፊደል ዝቅ ብሎ?» አሉ ጋሼ። «በቃ ቲተሩንም አብሮ ወስዶታል!»

«ሳይወስድ ይቀራል ብለው ነው?»

«ግልባጩንስ?»

የራሱን ግልባጭ በመንተባተብ ነው የሚሰራው። ጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ ሲደርስ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ እዚያው ላይ ኤ፣ ኤ፣ ኤ ይላል፤ ጅራት ሆነለት። ለህዋሱ ደብዳቤዎች ጅራት የሚቀጥለውን ሰራተኛ ደግሞ ኤንኤስ1 የሚባል ፕሮቲን ልኮ ያስይዘዋል። የኛ ሰው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ውስጥ ይጉላላል፤ የሱ ይወጣል። ያን የፒኤን መቀስ የሚይዝ ባሎክሳቪር የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አለ። ጋሼ ዘንድ ያለው ዝንጅብል ነው።

ፖሊዮ ጭራሽ ማህተም የለውም። ማህተም የሌለው ሰው ወይ ያፈላልጋል ወይ ማህተም መጠየቁን ያስቀራል፤ ፖሊዮ ሁለተኛው ቀለለው። ባለማህተሙን ደብዳቤ ከጸሐፊዋ የሚያገናኘውን ፕሮቲን ለሁለት ይቆርጠዋል። ደንበኛው ሁሉ ማህተሙን ይዞ ሰልፍ ላይ ሲቀር እሱ በጓሮ በር ይገባል። የኮቪዱ ኮሮና ደግሞ ኤንኤስፒ1 የሚባለውን ፕሮቲን ልኮ ደብዳቤ የሚገባበትን የራይቦዞም ቀዳዳ ያስደፍናል። ለሌላው «ሲስተም የለም» ነው፤ የቫይረሱ ደብዳቤ አናቱ ላይ ባለው ምልክት ያልፋል። ኤችአይቪም ቢሆን ሳይቆረጥ መውጣት የተከለከለውን ረቂቅ ሬቭ በሚባል አጃቢ ያስወጣል።

ከሁሉ የሚገርመው ይህን ሁሉ አሰራር ያስተማሩን እነሱው መሆናቸው ነው። ማህተሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የቫይረስ ደብዳቤ ሲመረመር ነው። ቆረጣውን ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ በ1977 ያዩት አዴኖቫይረስን ሲከታተሉ ነው፤ በ1993 ኖቤል ተሸለሙበት። የጓሮ በሩ በ1988 የተጋለጠው በነፖሊዮ ነው። ለነገሩ እኛስ? የቢሮ አሰራር ከማስታወቂያ ሰሌዳ የተማረ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁላችንም ያወቅነው በር ላይ ከሚቆመው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው።

ጋሼ ሌላ ነገር ከነከናቸው። «እኔ ልጄ ዘንድ አሜሪካ ሳለሁ የተወጋሁት የኮቪድ ክትባትስ? እሱም ደብዳቤ ነው ብላኝ ነበር።»

«ነው ጋሼ። ውጭ ተጽፎ የገባ።»

«ማህተም ነበረው?»

«ማህተምም ጅራትም። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ደግሞ አንዱን ፊደል ለወጥ አድርገው ዘበኛው፣ የሰውነታችን መከላከያ፣ እንዳይጮህበት አደረጉ። በ2023 ኖቤል አገኙበት።»

«ማህተሙን ማን መታው?»

«ፋብሪካ ነው የሚመታው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ከሚያገለግሉት መምቻዎች አንዱ ከቫክሲኒያ ቫይረስ የተገኘ ኢንዛይም ነው።»

«ፎርጅድ ነዋ!» ብለው ተነስተው ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። ክንዳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ሠላሳ ምናምን ዓመት በያዙት ድምፅ ጠየቁኝ፦ «መቼም ገቢ መዝገብ ላይ ሰፍሯል?»