ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋ ነው

የአዲስ አበባን መሥሪያ ቤቶች የሚያመሰግን ሰው ጠፋ። ሁሉም ያማርራል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ያውም ስለ ሽንት ቤታቸው።

በቁልፉ እንጀምር። የመሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ቁልፍ ጸሐፊዋ ጋ ነው የሚቀመጠው። ብቻውን ግን አይቀመጥም፤ ክንድ የሚያህል ጣውላ ይታሰርለታል። ሰው ረስቶ ኪሱ ከትቶት እንዳይሄድ ነው ይባላል። ጣውላው ሌላም ጥቅም አለው። ይዛችሁት በኮሪደሩ ስታልፉ ወዴት እንደምትሄዱ ፎቁ ሙሉ ያውቃል። ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁም ያውቃል። ግልጽነትና ተጠያቂነት እያሉ ሥልጠና የሚሰጡን ይሄንን መሆን አለበት። ገንዘብ ያዡ እንኳ ለካዝናው ቁልፍ እንዲህ አልተጨነቀም።

ባለጉዳይማ ቁልፉን በዓይኑም አያየው። መግቢያው ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። ሽንት ቤት የሚባል አገልግሎት ግን እዚያ ውስጥ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ የያዙ አዛውንት ጥበቃውን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ መፀዳጃ ቤቱ በየት በኩል ነው?» ይላሉ።

«አባቴ፣ ለሠራተኛ ብቻ ነው። ወጣ ብለው ካፌ ይሞክሩ።»

ካፌው ደግሞ ቁልፍ የሚሰጠው ለተጠቃሚ ነው። አባት ሳይወዱ በግድ ማኪያቶ ያዝዛሉ። ማኪያቶው ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሶ ወደ ካፌው ያመጣቸዋል። መሥሪያ ቤቶቻችን ለአካባቢው ንግድ የሚያደርጉትን ድጋፍ ማንም አልጻፈላቸውም።

ቁልፉን ያገኘ ዕድለኛ በሩን ሲከፍት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀበለው ጽሑፍ ነው። ሳሙና ብናጣም ወረቀትና ፕላስተር አጥተን አናውቅም። «ከተጠቀሙ በኋላ ውሃ ይልቀቁ» ይላል በኮምፒውተር የተጻፈው። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ሲመጣ ንገሩን» ተብሎ መልስ ተሰጥቷል። ከዚያ በታች በሌላ እጅ ጽሑፍ «ማን ነው ባለጌው?» ይላል። ስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሠራተኛ ሁሉ እዚህ ግድግዳ ላይ ደፋር ነው።

መቀመጫውን እዩት። ሁለት የጫማ ዳና ታትሞበታል። ግራና ቀኝ፣ የሶሉ መስመር ሳይቀር ጥርት ብሎ። ትንሽ ልምድ ያለው ሰው የጫማውን ቁጥር ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ሰው መቀመጫው ቆሻሻ ነው ብሎ ወጣበት። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዳና አይቶ እሱም ወጣበት። ሁሉም ራሱን ከሌላው ቆሻሻ እየጠበቀ ስንት በጀት ዓመት አለፈ። ሰው ለጤናው ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ማየት አንጀት ያርሳል።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጥጉ ላይ ሰማያዊ በርሜል አለ። በርሜሉ ውስጥ አንገቷ የተቆረጠ ሃይላንድ ትንሳፈፋለች። ይህቺን ሃይላንድ ያልጨበጣት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የለም። ታጥቦ የጨበጣት ካለ ግን ይመስገን። መጋቢት 2012 ኮቪድ አገራችን ሲገባ በየበሩ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ቆሞ ነበር። ያኔ በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ስንፈትግ ቀዶ ጥገና የምንገባ ነበር የምንመስለው። መታጠቢያው ዛሬም በቦታው አለ። ጥበቃው ዣንጥላውን ይሰቅልበታል። የተቅማጥና የታይፎይድ ጀርሞች ግን ኮቪድ ጋብ አለ ብለው ሥራ አልለቀቁም።

ኮሪደሩ ላይ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ሰሌዳው ራሱ አቧራ ስለጠጣ «ማጽዳት» የሚለውን ለማንበብ መጀመሪያ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ወደ ጽዳቷ እንምጣ። እሷን እንኳ ያለ ሽሙጥ ላመስግናት። ለሦስት ፎቅ አንዲት ሴት ናት። አንድ ባልዲ፣ አንድ መወልወያ፣ አንድ ጨርቅ። ጓንት ጠይቃ «በጀት ሲለቀቅ» ተብላለች። የአገሩ አዋጅ አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት ይጠብቅ ይላል፤ አዋጁ ጥሩ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

ሙያው በሚከበርበት ቦታ የጽዳት ጨርቅ በቀለም ይለያል። ብዙ ጊዜ ቀዩ የሽንት ቤት ነው፣ ሌላ ክፍል ድርሽ አይልም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አድልዎ የለም። ያው ጨርቅ ከመቀመጫው ተነስቶ የበሩን እጀታ፣ ከእጀታው የስብሰባውን ጠረጴዛ ያዳርሳል። ጠረጴዛው ላይ ለሻይ ዕረፍት ቆሎ ይቀርባል። ቆሎ በማንኪያ አይበላም።

በረኪናውን ደግሞ ተዉት። መመሪያችን አንድ ነው፤ ከሸተተ ጸድቷል። ቆሻሻው መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ መነሳት አለበት፣ ከዚያ በልኩ የተበጠበጠው በረኪና ላዩ ላይ ደቂቃዎች መቆየት አለበት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ጋ ቸለስ ይደረግና ወዲያው በውሃ ይለቀለቃል። ሠራተኛው ዓይኑ ሲያለቅስ «ዛሬማ ጸድቷል» ይላል። አንዳንዱ ኃላፊ ሽታው አልጠነከረም ብሎ የሽንት ቤት አሲድ እንዲጨመርበት ያዛል። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ላይ ተለቅቋል። ጠባቧ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግታ የምትስበው ግን ጓንት የተከለከለችው ሴት ናት።

ከበሩ ጀርባ የተለጠፈው የክትትል ቅጽ ሌላው ኩራታችን ነው። በየሁለት ሰዓቱ ይጸዳል፣ ያጸዳው ይፈርማል፣ ያየው ያረጋግጣል። ሰኞ ጠዋት ስታዩት የመጪው ዓርብ ከሰዓት ፊርማ አብሮ አለ። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሌላው ዓለም ያለፈውን ይመዘግባል።

ልዑክ ይመጣል የተባለ ቀን ደግሞ ተአምር ነው። ሳሙና ይወጣል። ሶፍት ይወጣል። የፕላስቲክ አበባም ትመጣለች። በርሜሉ የት እንደሚደበቅ እንጃ። ሠራተኛው የገዛ መሥሪያ ቤቱ መስታወት እንዳለው የሚያውቀው ያን ቀን ነው። እንግዳው ሳሙናውን ሳይነካው ይሄዳል። በሞዴል 22 የወጣው ሳሙና አመሻሽ ላይ በሞዴል 19 ወደ ስቶር ይመለሳል።

በመጨረሻ ማኔጅመንቱ ነቃ። ጽዳት በባለሙያ ይሠራ፣ ለድርጅት ይሰጥ ተባለ። ጨረታ ወጣ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሠራተኛ አሠልጥኖ፣ ማሽንና ትክክለኛ ኬሚካል ይዞ የሚመጣ ድርጅት አገር ውስጥ አለ። እሱም ተወዳደረ። በዋጋ ወደቀ። ያሸነፈው የጓንትና የሳሙና ሒሳቡን ከዋጋው ላይ ያወጣው ነው። አሸናፊው የመጀመሪያ ቀን ሥራውን የጀመረው ሠራተኛ በመቅጠር ነው። የቀጠረው ያችኑ ሴት ነው። ያው ባልዲ፣ ያው መወልወያ፣ ሦስቱም ፎቅ። የተጨመረው ጀርባው ላይ የድርጅቱ ስልክ የተጻፈበት አረንጓዴ ቱታ ነው። ደመወዟ ግን ቀድሞ ድርጅቱ ጋ ስለሚደርስ ለእሷ ትንሽ ቀነስ ብሎ ይደርሳታል።

ዓመቱ ሲያልቅ ውሉን የሚገመግም ኮሚቴ ተቀመጠ። አባላቱ ሁሉም ኃላፊዎች ናቸው፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የራሳቸው መፀዳጃ፣ የራሳቸው ቁልፍ፣ ሙቅ ውሃ አላቸው። ቅሬታ ያለው አለ ተብሎ ተጠየቀ። ዝም። ውሉ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። ድርጅቱም የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ተጻፈለት። «በሥራው ምንም ዓይነት ቅሬታ ያልቀረበበት መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ማኅተሙ ደምቆ አርፏል። በዚህ ደብዳቤ ዘንድሮ ሆስፒታል ሊወዳደር ነው አሉ።