የዕድሩን ቤት ረቡዕ ማታ ክፈቱልን

ታላቅ ወንድሜ ሐዋሳ ውስጥ ከአንድ ሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። የቫይታሚን ቢ1 እንክብል፣ ከወር በኋላ የቀጠሮ ቀን፣ ከሥሩ ደግሞ «አልኮል እንዳይጠጣ» የሚል አንድ መስመር። ቤት ደርሰን ቡና ተፈላ። 12 ሰዓት ሲሆን ወንድሜ ሰዓቱን አየ፤ በሩን አየ፤ መልሶ ሰዓቱን አየ። ለ20 ዓመት ያህል በዚያ ሰዓት የሚቀመጥበት ግሮሰሪ፣ የሚጠብቁትም ሰዎች ነበሩት። «አሁን የት ልሂድ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

በአገራችን ስለ መጠጥ ስንከራከር ክርክሩ ስለ ማስታወቂያና ስለ ዕድሜ ገደብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ መልካም አደረገ። ወንድሜ ግን 46 ዓመቱ ነው።

«ወንድ ልጅ ከቆረጠ ይተዋል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ወንድሜ ስንት ጊዜ ቆርጧል! በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዐቢይ ጾምን ሙሉ ሳይቀምስ ያሳልፍና በፋሲካ ማግስት ይመለስበት ነበር። በኋላ ያም አልሆነለትም። አንድ ዓመት ለንስሐ አባቱ ቃል ገብቶ በድንገት አቆመ። በማግስቱ እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ሲኒውን ማንሳት አቅቶት ረከቦቱ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ሊጠጣ ሲሞክር አየሁት። ሌሊቱን መላ ሰውነቱ ተንዘፍዝፎ ራሱን ሳተ። ጎረቤቶች ደርሰው ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ያዙለት፤ ክፉ መንፈስ ነው ያሉም ነበሩ።

መንፈስ አልነበረም። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ በሰዓታት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ የሚጥል ሕመም ሊነሳበት ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ አእምሮው ተዛብቶ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። በዚህ የሚሞት ሰው አለ። ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ስለቱም ጸበሉም እንዳለ ሆኖ፣ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ሌሊት አናየውም ነበር።

ሐኪሙ ሰውነቱን ያድንለታል። የ12 ሰዓቱን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ሌላ ጠጪ ነው። ይህን መጀመሪያ ከተረዱት አንዱ ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1935፣ አክሮን በምትባል የኦሃዮ ከተማ፣ የሄደበት ሥራ ከሽፎበት በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ነበር። ወደ መጠጥ ቤቱ እንዳይገባ ፈራና ስልክ አንስቶ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ አፈላለገ። ያገኙለት ዶክተር ቦብ ስሚዝን ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ጠጪዎች ተሰብስበው መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱበት ማኅበር ከሁለቱ ሰዎች ጭውውት ተጀመረ። የአባልነት ክፍያ የለውም። የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው፤ የአባትህን ስም ማንም አይጠይቅህም፤ መናገር ካልፈለግህም አዳምጠህ ትሄዳለህ። ለእንደ እኔ ያለው ቤተሰብ ደግሞ አል አኖን የሚባል በዚያው አቆጣጠር በ1951 የተመሠረተ የራሱ ማኅበር አለ።

ወንድሜ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ሰዎች በኢንተርኔት በሚያካሂዱት አንድ ስብሰባ በስልኩ ገብቶ ነበር። በእንግሊዝኛ ስለነበር አብዛኛውን አልተከታተለውም። አንድ ሰው ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ሲናገር ግን ገባው፤ አለቀሰ።

እንዲህ ያለው ጉባኤ በአማርኛም በሲዳምኛም፣ በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ ቀኑና ሰዓቱ ታውቆ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ቤቱ ደግሞ አለን። ወንድሜ ያን ሌሊት ሞቶ ቢሆን ዕድራችን ጎህ ሳይቀድ ድንኳን ይተክል፣ ወንበር ይደረድር፣ ለሦስት ቀን ከጎናችን አይጠፋም ነበር። ያ ሁሉ ወንበር ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎበት ይከርማል።

የዕድራችንን ዳኛ «ጋሼ፣ ረቡዕ ማታ ቁልፉን ይስጡን» ብዬ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ዕድሩ የሰካራሞች መሰብሰቢያ ሆነ ቢሉኝስ?» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ስጋታቸውም ይገባኛል። ግን ዕድሩ መጠጥ የገደለውን ሰው ስንት ጊዜ ቀብሯል፤ ያኔ ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ጎረቤት ያየኛል ብሎ የሚፈራ ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ ሐዋሳ ውስጥ የማይተዋወቅ የለም። የታቦር ክፍለ ከተማ ሰው ወደ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ የመናኸሪያው ወደ ታቦር ይሂድ፤ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። በሩ ላይ ምንም አይጻፍ። ሆስፒታሎች ደግሞ «አልኮል እንዳይጠጣ» ከሚለው ሥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሰፈሩን ይጻፉበት።

ዳኛው ጉዳዩን ለወሩ ስብሰባ አቀርባለሁ ብለውኛል። እስከዚያ ወንድሜና ሌሎች ሁለት ሰዎች ረቡዕ በ12 ሰዓት እኛ ሳሎን ይቀመጣሉ። እኔ ቡናውን አቀርብና በሩን ዘግቼላቸው እወጣለሁ።