ማስተካከያ፦ «አንሉዝን» ማጥበቅ ማለት አይደለም

«አንሉዝን» (unloosen) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ «ማጥበቅ» ማለት ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በሰፊው ሲጋራ ነበር። ስህተት ነው። ትርጉሙ ልክ እንደ «ሉዝን» ማላላት ወይም መፍታት ነው።

ጽሑፉ ከቃሉ ፊት የሚገባው «አን» (un-) ሁልጊዜ ትርጉም ይገለብጣል ብሎ ነው የተነሳው። እዚህ ግን ሐሳቡን ያጠናክራል እንጂ አይገለብጥም። መዝገበ ቃላት ግሱን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወንድሙን «አንሉዝ»ን ደግሞ ከ14ኛው ጀምሮ ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መጥምቁ ዮሐንስ የጫማውን ጠፍር «መፍታት» አይገባኝም ሲል የገባው ቃል «አንሉዝ» ነው። እዚያ ላይ «ማጥበቅ» ብሎ ማንበብ ያስቃል።

የጥገና መመሪያ ላይ ግን አያስቅም። ጽሑፉን አምኖ የጠበቀ ብሎን ይበልጥ ያጠበቀ ሰው የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል፤ ሲብስም ይሰብረዋል። ቃሉን ካያችሁት ፍቱ።