የቴሌኮም አክሲዮን የገዛ ሰው የዋጋ ደንብ ነው የገዛው

ሰሞኑን ጋሼ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ትልቁ ጋሼ ነው የሚላቸው። ቴሌብርን ከፍተው አሳዩኝ። የኢትዮ ቴሌኮም 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "አንተ ልጅ፣ የዚህን ነገር ትርፍ የሚወስነው ማነው?" አሉኝ።

"ኩባንያው ነዋ" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። ለአንድ ባንክ ወይም ለአንድ ቢራ ፋብሪካ ቢሆን መልሱ ይሄው ነበር። መሬት ቆፍሮ ኬብል ለሚቀብር፣ ማማ ለሚተክል ኩባንያ ግን አይደለም። እዚያ ትርፉን በብዛት የሚወስነው የዋጋ ደንብ የሚያወጣው አካል ነው። ይህን ነገር አክሲዮን ለገዙትም፣ ነገ ሊገዙ ለሚያስቡትም በግልጽ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ልጽፈው ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሽያጩን እናስታውስ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለኢትዮጵያውያን ዜጎች አቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333። ሽያጩ ታኅሣሥ 25 ሊያበቃ ነበር፤ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። ውጤቱ ሲታይ 47,377 ሰው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝቷል። ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ከቀረበው ውስጥ አንድ አስረኛው ብቻ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ብዙ ምክንያት ተሰጠ። ኑሮ ተወዷል፣ ገንዘብ የለም፣ ሰው አክሲዮን አልለመደም ተባለ። እውነትነት አላቸው። አክሲዮን አልለመደም የሚለው ግን ብዙ አያስኬድም። የኛ ሰው የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን ሲገዛ ስንት ዓመቱ ነው። ልዩነቱ ገዢው፣ ባንኩ በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደሚያካፍል በግምትም ቢሆን ያውቃል። በዚህኛው አክሲዮን ላይ ግን የጋሼን ጥያቄ መመለስ ከባድ ነው።

ለምን ከባድ እንደሆነ ለማየት መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። የፋይበር መስመር ሲዘረጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቦይ ይቆፈራል። ሠራተኞቹ እስከ ወገባቸው ገብተው ድንጋይ ያወጣሉ። የፕላስቲክ ቱቦው ይገባል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ይደመደማል፣ የፈረሰው ንጣፍ ይጠገናል። ፀጉር የምታክለዋ ፋይበር ራሷ ያን ያህል ውድ አይደለችም። ውዱ ቁፋሮው ነው። ገንዘቡ አንዴ መሬት ውስጥ ከገባ ደግሞ ነቅሎ ሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም። ለዚህ ነው በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ኩባንያ ጎን ለጎን ቢቆፍር ለማንም የማያዋጣው። አንዱ ቀድሞ ከቆፈረ፣ መንደሩ ሁሉ በእሱ መስመር ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ኩባንያ ያሻውን ዋጋ እንዳይጠይቅ መንግሥት ተቆጣጣሪ ያቆማል። ከተለመዱት ስሌቶች አንዱ እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪው መሬት ውስጥና መሬት ላይ ያለውን ንብረት ይተምናል። በዚያ ግምት ላይ "ተገቢ" የሚለውን የትርፍ መቶኛ ያሰላል። የሥራ ማስኬጃ ወጪና የዕቃ እርጅና ይጨመራል። ድምሩ ኩባንያው በዓመት ሊሰበስብ የሚችለው ጣሪያ ይሆናል። ለምሳሌ ኔትወርኩ 100 ቢሊዮን ብር ተተምኖ የተፈቀደው መቶኛ 10 ቢሆን፣ ለባለ ገንዘቦቹ መመለሻ የሚታሰበው 10 ቢሊዮን ነው። ተቆጣጣሪው 10ን 7 ካደረጋት 3 ቢሊዮን ብር ሄደች። አንድ ኬብል ሳይበጠስ፣ አንድ ደንበኛ ሳይሸሽ።

ይህ በእውን ደርሷል። ኒውዚላንድ ውስጥ ኮረስ የሚባል ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ከአገሪቱ የቴሌኮም ኩባንያ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ለመኖሪያ ቤቶች ኢንተርኔት በቀጥታ አይሸጥም። መስመሩን ይዘረጋና ለሌሎች አቅራቢዎች በጅምላ ያከራያል። መንግሥትም አገር አቀፉን የፋይበር ዝርጋታ በብዛት የሰጠው ለእሱ ነው፤ ገንዘብም አበደረው። ባለአክሲዮኖች ይህን ሲያዩ "መንግሥት ከጀርባው አለ፣ ምን ይመጣብናል" ብለው ገቡ።

ከዚያ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በመዳብ መስመር (በድሮው የስልክ ሽቦ) የሚሄደው ኢንተርኔት የጅምላ ዋጋ እንዲቀንስ ረቂቅ አወጣ፤ አክሲዮኑ ወዲያው ወደቀ። በ2013 የመጨረሻው ውሳኔ ሲመጣ በወር 21.46 የኒውዚላንድ ዶላር የነበረው ክፍያ 10.92 ሆነ። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ኮረስ ፋይበሩን የሚዘረጋበት ገንዘብ አጠረው። የትርፍ ክፍፍሉን አቆመ። በ2015 መጨረሻ ኮሚሽኑ በሌላ የስሌት ዘዴ ዋጋውን መልሶ ከፍ አደረገ፤ በ2016 ክፍፍሉ ተመለሰ። በመሃል ተደናግጠው የሸጡት ግን ኪሳራቸውን ይዘው ቀሩ።

እኔን የሚያስቀናኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኒውዚላንዶች ሕጉን ቀየሩ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የንብረቱ ግምት፣ የተፈቀደው መቶኛና የገቢው ጣሪያ አስቀድሞ ለተወሰኑ ዓመታት ይታወጃል። የመጀመሪያው ዙር ሦስት ዓመት ነበር። አሁን ያለው ከ2025 እስከ 2028 ነው። ውሳኔው በረቂቅ ይወጣል፣ ኩባንያውም ተጠቃሚውም አስተያየት ይሰጥበታል፣ ስሌቱ ለሕዝብ ይፋ ነው። እዚያ አገር ያለ ጡረተኛ ጋሼ የጠየቁኝን ቢጠይቅ ሰነዱን አውጥተው ያሳዩታል።

ወደ እኛ እንመለስ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፉን በአንድ ጊዜ ቆረጠው። የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ 40 በመቶ፣ መደበኛ ብሮድባንድ 54 በመቶ ቀነሰ። ያኔ ሁላችንም እልል ብለናል፤ እኔም ብያለሁ። በ2017 መጀመሪያ፣ ልክ አክሲዮኑ ሊሸጥ ሲል፣ ታሪፉ ተከልሶ ከፍ አለ። ሁለቱም ውሳኔዎች በየጊዜያቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። እነዚያ 47,377 ሰዎች ግን ከእንግዲህ ደንበኛም ባለቤትም ናቸው። ቀጣዩ ቅነሳ ሲመጣ በአንድ እጃቸው እያጨበጨቡ በሌላኛው ኪሳቸውን መዳሰሳቸው አይቀርም።

የባለቤትነቱ ነገርም አለ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ተቋቁሟል። ኢትዮ ቴሌኮምን በባለቤትነት የያዘው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስም የመንግሥት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዋጋ የሁለት ተፎካካሪዎች ጉዳይ ሆኗል። አንዱ መንግሥት ባለቤትም ዳኛም በሆነበት ሜዳ፣ የትንሿ ባለአክሲዮን መተማመኛ አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ብቻ ነው። ሰዎቹን አምናለሁ አላምንም የሚለው ሌላ ነገር ነው። ሰው ይቀያየራል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያልተሸጠው 89 ሚሊዮን አክሲዮን ዳግም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ ባለሥልጣኑ ዋጋ የሚተመንበትን ስሌት ቢያንስ ለሦስት ዓመት አስቀድሞ ያውጣ። ኔትወርኩ እንዴት ይገመታል? የተፈቀደው መቶኛ ስንት ነው? ዕቃው በዶላር ተገዝቶ ገቢው በብር ሲሰበሰብ፣ እንደ ሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ያለ ነገር ሲመጣ ጫናው በማን ላይ ይወድቃል፤ በደንበኛው ነው በባለአክሲዮኑ? ይህ በሁለት ገጽ አማርኛ ሊጻፍ ይችላል። የአንዱ አክሲዮን መነሻ ዋጋ 100 ብር ነው፤ ሕዝቡ የከፈለው 300 ነው። ሦስት እጥፍ የከፈለ ሰው እነዚህ ሁለት ገጾች ይገቡታል።

ለጋሼ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳቸው። "ታዲያ ልሽጠው?" አሉኝ። "አይሽጡት" አልኳቸው። ኢንተርኔት የሚፈልገው ሰው እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም፣ ኬብሉም የትም አይሄድም። መነጽራቸውን አውርደው የልጅ ልጃቸውን ደብተር ሳቡና ከኋላ ገጹ ላይ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈታቸው ሦስቱን ጥያቄዎች ጻፏቸው። የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ሲጠራ ይዘውት ይሄዳሉ።