ሰው የሌለበት ቤት ፍለጋ

ሰሞኑን አንድ ሱስ ይዞኛል። ሰው ጥሎት የሄደ ቤት እየፈለጉ ፎቶ ማንሳት። ፈረንጆቹ አብደውለታል። ናሚቢያ ውስጥ ኮልማንስኮፕ የምትባል የአልማዝ ከተማ ነበረች። የመጨረሻው ነዋሪ በ1956 እ.ኤ.አ. ጠቅልሎ ወጣ፤ ዛሬ ሳሎኑን አሸዋ ሞልቶታል። ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። አሸዋ ብቻ! አንድ ሰው የለም!

አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ የድሮው ባቡር መስመር ዳር ነው አልኩ። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የኤሌክትሪኩ ባቡር የተመረቀው ደግሞ በ2009። ልክ በመቶ ዓመቱ! አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ሲያልፍ አሮጌው እዚሁ መሀላችን ቀረ።

እናቴ ሰማች። "ባዶ ቤት ጋኔን አያጣውም። ደግሞ በስድስት ሰዓት እንዳትገባ!"

እሁድ ረፋዱ ላይ ወጣሁ። ከሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ ጣሪያው ግማሹ የሄደ መጋዘን አገኘሁ። የዚህ ነገር ሕግ ከፎቶ በቀር ምንም አትውሰድ ነው። እዚህ ግን የሚወሰደውን ሁሉ ቆራሌው ቀድሞኛል። የመስኮት ብረት የለም፣ ማጠፊያ የለም፣ መዝጊያው ራሱ የለም። ለካ በዚህች ከተማ ባዶ ቤት ከልቡ ሲያስስ የኖረው እሱ ነው። ካሜራ ብቻ ነው የጎደለው።

ገና ሳነጣጥር "አንተ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጥበቃ ናቸው። ምኑን እንደሚጠብቁ እግዜር ይወቀው።

"አባባ፣ ፎቶ ላነሳ ነው።"

"ምኑን?"

"ቤቱን።"

"ምን አለውና?"

"ምንም ስለሌለው ነው።"

ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። "ከመንግሥት ነህ?"

ይህችን ቃል የሰሙ ሴትዮ ከውስጥ ብቅ አሉ። ጣሪያው በሌለበት በኩል በርበሬ አስጥተዋል። "ሊያፈርሱት ነው? ካሳ አለው?"

"ኧረ ለራሴ ነው፣ እትዬ።"

"ልትገዛው?"

አለቀ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ደላላ በባጃጅ ደረሰ። የተቀደደ ጫማዬን ባያይ ኖሮ ዋጋ ይጠራልኝ ነበር።

ምን ላድርግ? ሁሉንም አነሳኋቸው። አባባ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ እትዬ ነጠላ ቀየሩ፣ ፍየሎቹ ሳይጠሩ መጡ።

አንድ ፎቶ ብቻ ንጹሕ ወጣልኝ። የተላላጠ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርድ ብርሃን፣ ብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፍ አቧራ። ሰው የሚባል የለም። እየተኩራራሁ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች፣ በሁለት ጣቷ አጎላችው፣ ወደ ጥጉ ጎተተችው።

"ይኼ የተሰጣው ካልሲ ነው እንዴ?"

አየሁት። ሽቦ ላይ፣ ሁለት ካልሲ፣ ከሥራቸው መሬቱ ገና እርጥብ።

"ጋኔኑስ ንጹሕ ነው" አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።