ያቺን ቅባት ቀባው

ጎንደር ሐኪም ጠፋ ብሎ የሚያማ ሰው ካለ እኛ ሰፈር አልፎ አያውቅም ማለት ነው። እኛ ግቢ ዘጠኝ ቤት አለ። ዘጠኙም ቤት ሐኪም አለበት። ተራ አይጠበቅም፣ ካርድ አይወጣም፣ ገንዘብ አይከፈልም። በሽተኛውን ማሳየት ራሱ ግዴታ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ውሻዬ ቡቺ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ከማደሪያው ወጣ። ቢጫ ዓይናር ጠጉሩን አጣብቆታል። በፊት እግሩ ይፈትገዋል፣ ግድግዳ ላይ ያሸዋል፣ ዝንቦቹ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። ገመዱን ይዤ ወጣሁ። ከግቢው በር እስከ ጃንተከል ዋርካ ድረስ አሥራ አንድ ሰው አከመልን። ቆጥሬያለሁ።

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ሳይል «ቲቲሲ» አለ። ባለ ሱቁ ስኳር እየመዘነ «ያቺን ቅባት ቀባው» አለ። ጫማ የሚያስጠርጉ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፤ አንዱ ጠዋት ነው የሚቀባው፣ ሌላው ማታ ነው ይላል። ቅባት በሚለው ላይ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል። ከሁሉም ያደነቅኩት ባለ ባጃጁን ነው። ቁልቁለቱን እየበረረ፣ ሳያቆም፣ ሳይዞር፣ «ቅባቷን ቀባው ወንድሜ!» ብሎ አለፈ። እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ልጆች ስንት ዓመት ሙሉ ፍዳቸውን ያያሉ። ይኼ ሰው ማራኪ ሰፈር ደርሶ ሳይመለስ ጨርሶታል።

ዓይኑን ያየ የለም። ይህን ለወቀሳ አይደለም የማነሳው። ዓይን ማየት የጀማሪ ሥራ ነው።

ለነገሩ ቅባቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቴትራሳይክሊን፣ በአጭሩ ቲቲሲ፣ 1 ፐርሰንት፣ ቢጫ፣ ቀጭን ቲዩብ። ምስኪኗ ጥፋት የለባትም። ትራኮማ ባደቀቀው አገራችን ስንቱን ዓይን አትርፋለች። ለትራኮማ ስትታዘዝ በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ነው። 6 ሳምንት ቀብቶ የጨረሰ ሰው ካወቃችሁ ላኩልኝና ፎቶ ልነሳው። እኛ ሰፈር ሁለት ቀን ይቀባል፤ ቅላቱ ቀለል ሲል ቅባቷ ትቀመጣለች። ለክፉ ቀን።

እኛ ግቢ ያለችው ቲዩብ ደግሞ ከተራ ቅባት የምትቆጠር አይደለችም። የጎንደር ነገሥታት ታሪካቸውን የሚከትብ ጸሐፊ ነበራቸው። እሷ የላትም። እኔ ልጻፍላት።

የነገሠችው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ በእማማ የልጅ ልጅ ዓይን ላይ። ለ7 ቀን ታዘዘች፣ 2 ቀን ገዛች፣ ሕፃኑ ሲሻለው ወደ ቡፌው መሳቢያ ገባች። ከዚያ በአንድ ሠርግ ማግስት የሚዜው ዓይን ቀላ። ጭስ ይሁን አረቄ አልተጣራም። ተቀባ። ለጥቆ የፋሲካው በግ ነው። በጉ በማግስቱ ስለታረደ ውጤቱ አልታወቀም፤ እማማ ግን ቢቆይ ኖሮ ይድን እንደነበር እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። ከዚያ ዶሮዋ፤ ያውም እግሯ ላይ። ከዚያ በእንጀራ ምጣድ የተቃጠለ ጣት። ከዚያ የተሰነጠቀ ከንፈር። አንድ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ሲጥ ሲጥ እያለ የሚያስቸግር የበር ማጠፊያ ላይ ዋለች። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ የዳነው በሩ ብቻ ነው።

በ2014 ክረምት ክዳኗ ጠፋ። የኛ ግቢ ዘመነ መሳፍንት የጀመረው ያኔ ነው። የአገሩ ዘመነ መሳፍንት እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1855 ቆይቶ አልፏል፤ የኛው አላለፈም። ያኔ ንጉሡ ግንቡ ውስጥ በስም ይቀመጥ ነበር፣ የሚያዘው መስፍኑ ነው። ቲዩቧም በስም የእማማ ናት እንጂ የሚያዝባት የወሰዳት ነው። ሰኞ ጥግ ያለው ቤት ትነግሣለች፣ ረቡዕ ባለ ቆርቆሮው ይማርካታል፣ ዓርብ ማን ጋ እንዳለች አይታወቅም። አንዱ አፏን በክብሪት እንጨት ይደፍናል፣ አንዱ በማስቲካ። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ እንደ ቋራው ካሳ ተነሣና አንድ አደርጋታለሁ ብሎ አፏን በፌስታል ጠቅልሎ በሲባጎ ጠፍሮ አሰራት። ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ቋጠሮው አልፈታ ሲል ወገቧን በመርፌ በሷት። አሁን የምትወጣው በወገቧ ነው።

የፋሲል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይቺስ ምን ጎደላት? ግንቡ እንኳን እድሳት ተደርጎለታል። የዓይን ቅባት አንዴ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ መጣል አለበት የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ለቅርስ ደንታ የሌላቸው ናቸው። ደግሞም ያልነካችው ዓይን የለም። ከአንዱ ዓይን ያገኘችውን ለሌላው ታደርሳለች። እንዲህ ያለ መተሳሰብ ዛሬ በወንድማማች መካከል ይገኛል?

ልቤ ትንሽ ጠርጥሮ ነበር፣ አልዋሽም። ቲዩቧን ገልብጬ ጊዜዋ የሚያልፍበትን አነበብኩ። 2021 ይላል። «እማማ፣ ይቺ ነገር ጊዜዋ አላለፈም?» አልኳቸው።

«ስንት ይላል?»

«2021።»

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። «ዘንድሮ 2018 አይደለም እንዴ? ገና ሦስት ዓመት አላት።»

ምን ትሉታላችሁ? የፈረንጁን ፋብሪካ ዘመን አቆጣጠር በራሳችን አስገብረነዋል። ዓለም ላይ ያለ መድኃኒት ሁሉ እኛ ጋ ሲደርስ ሰባት ስምንት ዓመት ዕድሜ ይጨመርለታል።

እኔም ቀባሁ። ምን ላድርግ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። አንዱ ጎረቤት ጭንቅላቱን ይይዛል፣ አንዱ እግሩን፣ እኔ በወገቧ እጨምቃለሁ። ቅባቱ ሁሉም ቦታ ደረሰ። አፍንጫው፣ ጆሮው፣ የኔ ሱሪ። ዓይኑ ውስጥም ትንሽ ሳይገባ አልቀረም።

ቅዳሜ ማታ አንዱ ጎረቤት «ቅባቷ ካቃታት የምትጠነክር ጠብታ አለችኝ» ብሎ መጣ። ከእሱ የዓይን ቀዶ ሕክምና የተረፈች ናት። አነበብኳት። ዴክሳ ያለባት።

እዚህ ጋ ሽሙጡን ላቁመው። ዴክሳሜታዞን ቅላቱን ያጠፋል። ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ሐኪም ቁስል አለመኖሩን አይቶ ካዘዘው መልካም መድኃኒት ነው። የዓይኑ ጥቁር ላይ ቁስል ካለ ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርገዋል፣ ጀርሙ ይፈነጭበታል፣ ዓይኑ ከላይ ነጭ ሆኖ ከውስጥ ይሟሟል። አዘዞ መንገድ አንድ የጋሪ ፈረስ አውቅ ነበር። ዓይኑ አለቀሰ፣ ባለቤቱ አንድ መድኃኒት ቤት ገባ፣ ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «የሰው ነው የእንስሳ?» አለው። «የፈረስ።» «ያው ነው» ብሎ ይቺኑ ጠብታ ሸጠለት። ፈረሱ በሁለት ሳምንት ዓይኑ ፈሰሰ። በታወረው ጎኑ የሚመጣ ባጃጅ አይታየውምና ሰውየው ከዚያ በኋላ ከተማ ሊያስገባው አልቻለም። ያ ጋሪ አምስት ልጅ ያበላ ነበር። ማን ተጠየቀ? ማንም። ፈረስ አቤት አይልም። የሸጠው ዛሬም ይሸጣል። የመከረው ዛሬም ይመክራል። ሳይፈራ፣ ሳያፍር፣ ሳያይ! ይኼ ደግነት አይደለም። የሰው እንጀራና የእንስሳ ዓይን ላይ ቁማር መጫወት ነው፤ ያውም በሰው ገንዘብ።

ደህና። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ኃጥኡ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ። ሰኞ ጠዋት ቡቺ አንገቱን አዙሮ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ኃጥኡ ግን እሱ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ተነሥቼ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ዓይኑን አየው።

መጀመሪያ ቀጭን ወረቀት ከታችኛው ቆብ ሥር ሻጠና 1 ደቂቃ ቆጠረ። እንባ ሊለካ ነው። የውሻ እንባ ሲደርቅም ዓይኑ እንዲህ ዓይናር ይሞላዋል፤ በደቂቃ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ወረቀቱን ካራሰ ደህና ነው አለኝ። የቡቺ ደህና ነው። ከዚያ በጨው ውሃ በራሰ ፋሻ ዓይናሩን አለሳልሶ ጠረገ። ብርቱካናማ ቀለም አንጠበጠበና በሰማያዊ መብራት አየ። ጥቁሩ ላይ አረንጓዴ ጭረት ቦግ አለ። «ይኼ ቁስል ነው» አለ። ማደንዘዣ ጠብታ ጨመረ፣ ቆቡን ገለበጠ፣ በወረንጦ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

ገለባ። የጥፍሬን ግማሽ የምታህል ገለባ።

አራት ቀን ሙሉ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያክም የነበረው ገለባ ነው። ገለባው ግን ደህና ነበር፤ ወዝ በወዝ ሆኗል።

ዴክሳውን አድርጌበት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላደረግኩም ስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ስለ ጎረቤት ድመትም አነሣሁበት፤ የድመት ዓይን ብዙ ጊዜ ከቫይረስ የሚነሣ ስለሆነ ቅባቱ ቫይረሱን ምንም አያደርገውም፣ አምጧትና ትታይ አለ። ይህን ግቢ ገብቼ ስናገር ሰሚ አላገኘሁም። ድመት ሐኪም ቤት ትሂድ ማለት እኛ ሰፈር የአእምሮ ምርመራ ያስይዛል።

ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ምን ጻፈ መሰላችሁ? ቲቲሲ። ያቺኑ።

ባለ ባጃጁ ልክ ነበር በሉኛ! ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፦ አዲስ ቲዩብ፣ የቡቺ ብቻ፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ለ7 ቀን፣ ዓይኑ ቢሻለውም ሳይቋረጥ፣ ሐሙስ ተመልሶ ደግሞ በዚያ ቀለም ሊታይ። የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣት ሳብ አድርጎ ረዘም ያለች የስንዴ ፍሬ የምታህል መስመር ብቻ። ጫፏ ዓይኑን እንዳትነካ። በፊትም በኋላም እጅ መታጠብ። ከተቀባ በኋላ ለደቂቃዎች ስለሚደበዝዝበት ደረጃ ላይ አለመልቀቅ። እንዳይፈትገው ከዘይት ጄሪካን አንገትጌ ቆርጬ ሠራሁለት። አሁን ግቢ ውስጥ ሲዘዋወር የሰበካ ጉባኤ ድምፅ ማጉያ ይመስላል።

አዲሲቱን ቲዩብ ከመሬት በላይ ያለ ማንም እንዳያገኛት ጤፍ ዕቃ ውስጥ ደበቅኳት። ሌሊት ተነሥቼ አለች የለችም ብዬ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ሐሙስ በቀጠሯችን ሄደን ቀለሙ ተደረገለት። ጭረቱ ጠፍቷል። ዓርብ ጠዋት ቡቺ በሁለት ዓይኑ፣ ፊት ለፊት፣ ቁልጭ ቁልጭ እያደረገ ወጣ። ግቢው በሙሉ ቡና ላይ ነበር። እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡና አገጩን ይዘው አገላብጠው አዩት፤ በዚህ ሁሉ ቀን ዓይኑን ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«አላልኩህም?» አሉኝ። «ያቺ ቅባት እኮ ትንሽ ትዘገያለች እንጂ ታሽራለች።»

«እማማ፣ ሐኪሙ ገለባ አውጥቶለት፣ አዲስ መድኃኒት ሰጥቶት እኮ ነው።»

«እሱማ ከሐሙስ እስከ እሑድ የቀባኸው ውስጡን አለስልሶት ነው በቀላሉ የወጣለት።»

ስምንቱ ቤት በአንድ ድምፅ «እንዴታ!» አለ። ጉዳዩ ተዘጋ።

ሁለተኛው ጀበና ሳይፈላ ባለ ድመቶቹ ልጃቸውን ላኩ። ድመቷ ሁለቱም ዓይኗ አብጧል። «እማማ፣ ያቺ የቡቺን ዓይን ያዳነችው ቅባት አለች?»

«አለች የኔ ልጅ» አሉ እማማ። «መሳቢያው ውስጥ ናት። መርፌውን እንዳትረሳ።»