እርማት፦ የመርዝ መረጃ ማዕከል «አይከሰስም» ስለሚባለው
«በመላው አሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት ምንም ቢመክሩ አይከሰሱም፣ የደጉ ሳምራዊ ሕግ ይሸፍናቸዋል» ላልከው፣ ኧረ እንደዚያ አይደለም ወንድሜ። ያ ሕግ በአብዛኛው የሚጠብቀው ድንገት ደርሶ ያለ ክፍያ የሚረዳን ሰው ነው፤ በማዕከላቱ ስለ መርዝ ምክር ለሚጠይቅ ሰው ስልኩን የሚያነሱት ነርሶችና ፋርማሲስቶች ግን ደሞዝተኞች ናቸው፣ ሥራቸውም ይኸው ነው። አንዳንድ ግዛቶች ለማዕከላቱ ብቻ የወጣ ከለላ አላቸው፣ እሱም ቢሆን በቅን ልቦና ለተሰጠ ምክር እንጂ ለከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ «በመላው» የምትለዋን ተዋት። ደግሞስ ከለላ አላቸው ማለት እንዳሻቸው ያወራሉ ማለት ነው እንዴ? ጉዳዩ ይመዘገባል፣ ከበድ ሲል የመርዝ ሐኪም ይማከራል። መርዝ የዋጠ ሰው ካለ 1-800-222-1222 ደውል፤ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን ቀጥታ 911 ነው።